ከሞተው ኮምፒውተር ምኑ ይተርፋል?

ጥያቄ፦ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ የምሠራበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። 3ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ባለ 4 ጂቢ ራምና ባለ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ ነው። ቤት ውስጥ የማይነሳ ዴስክቶፕና ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ አለኝ። ከእነሱ ዕቃ ወስጄ ላሻሽለው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ብር ቢያወጡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ለኤስኤስዲ፣ ማለትም በሃርድ ዲስክ ፈንታ ለሚገባው ፈጣን ማከማቻ። ፕሮሰሰሩን አይንኩት፤ ለዎርድና ለስካን ይበቃል። ታስክ ማናጀርን ከፍተው ይዩ፦ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ዝቅ ብሎ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ፣ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ላፕቶፑን ይፍቱት። ባለ 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ ካለው መሰኪያው ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ነው፤ ምንም አይገዙም። እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤም.2 ከሆነ ግን 7010 ላይ መሰኪያ የለውም። የላፕቶፑ ራምም አይሆንም፤ የጥርሱ ብዛት ከዴስክቶፑ 240 ይለያል።

ራሙን ከማይነሳው ዴስክቶፕ ይውሰዱ። መለያው ላይ ፒሲ3 የሚል ይፈልጉ፤ ፒሲ2 ከሆነ ጎድጓዳው ስለማይገጥም በጉልበት አይግፉት። ፍጥነታቸው 1333ና 1600 የሆኑ ራሞች ቢቀላቀሉ ሁለቱም በ1333 ይሠራሉ፤ ችግር የለውም። ለሁለተኛው 4 ጂቢ የመጀመሪያው ካለበት ጋር ቀለሙ የሚመሳሰለውን መሰኪያ ይምረጡ፤ በጥንድ ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ከመነካካትዎ በፊት ገመዱን ነቅለው ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ሲያበሩት መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ስክሪኑ ካልመጣ፣ ራሙን አውጥተው ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ አሽተው፣ ፍርፋሪውን አራግፈው ይመልሱት። ገበያ ወጥተው ራም የሚገዙ ከሆነ በጣም የረከሰውን ይጠርጥሩ፤ ወይ የሰርቨር ነው ወይ ኤኤምዲ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ የእርስዎ ማሽን ሁለቱንም አይቀበልም።

ለኤስኤስዲው 240 ጂቢ ይበቃል። አሮጌው ዲስክ የነበረበት፣ ሳታ0 የሚባለው የማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ይሰኩት፤ ለአሮጌው ዲስክ የዳታ ኬብል ከሞተው ዴስክቶፕ ይነቅላሉ። የኃይል ገመድ ካጠረ የዲቪዲውን ይውሰዱ። ከአሮጌው ባለ አራት ጥርስ ሶኬት ወደ ሳታ የሚቀይረውን ርካሽ ማከፋፈያ አልመክርም፤ በፕላስቲክ ተደፍኖ የተሠራው ውስጡ እየተገናኘ ይቃጠላል። ማቀፊያ ከሌለ ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በሁለት ወገን ማጣበቂያ ቴፕ ኬዙ ላይ ቢለጥፉትም ይይዛል።

አሮጌውን ዲስክ ኮፒ አያድርጉ፤ ፋይሉን ያስቀምጡና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫኑ። አስቀድመው ኤፍ2 ተጭነው ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ የሳታውን ምርጫ ኤኤችሲአይ ላይ ያድርጉ፤ ከተጫነ በኋላ ከቀየሩት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ሲጭኑ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ። ተሰክቶ ከቆየ ማስነሻ ፋይሉ እሱ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ኋላ አሮጌው ሲበላሽ አዲሱም አብሮ አይነሳም። ጭነው ሲጨርሱ መልሰው ይሰኩትና የዲስክን ጤና በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ይፈትሹት፤ ቢጫ ካሳየ የደንበኛ ሥራ አያስቀምጡበት።

ዊንዶውስ 11 ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለማሽኑ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊነክስ ሚንት ይስማማዋል፣ ግን ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ለጽሕፈት ቤት አይመችም። ዊንዶውስ 10 ላይ ከቆዩ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚነሳውን አውቶፕሌይን ያጥፉ፣ የደንበኛን ፍላሽ ስካን ሳያደርጉ አይክፈቱ፣ የባንክ ሥራዎን በዚህ ማሽን አይሥሩ።

ኬዙ ክፍት ሳለ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አቧራ በብሩሽ ይጥረጉ፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ሲአር 2032 ባትሪውንም ይቀይሩ።