ደንገጎ ላይ የኋላ ጎማው ለሚሸሽበት ልጅ

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። "ጋሼ፣ 300 ሲሲ ስፖርት ሞተር አለኝ። በየቅዳሜው ሐረር ቤተሰብ ጋ እወጣለሁ። ባለፈው ሐምሌ መንገዴ ላይ ያለው የደንገጎ ዳገት ኩርባ ላይ ዝናብ ያዘኝና የኋላው ጎማ ሁለቴ ሸርተት አለብኝ። አሁን ጎማ ልቀይር ነው። ጓደኞቼ የውድድር ጎማ ግዛ፣ የኋላውን ከ140 ወደ 150 አስፋው፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ነፋሱን ቀነስ አድርግ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?"

ወንድሜ፣ ሦስቱንም ተወው።

ከውድድር ጎማው ልጀምር። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ አስፋልት ይነክሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን የሚነክሰው ሲሞቅ ነው። ውድድር ላይ ጎማውን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጠቅልለው ወደ 80 ዲግሪ ካደረሱት በኋላ ነው የሚለቁት። "ድሬ ራሷ ምድጃ አይደለች እንዴ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ናት አቦ። ግን አንተ የተንሸራተትከው እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ አይደለም። ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 2,000 ሜትር ወጥተህ፣ ጃኬትህን እስከ አንገትህ የምትዘጋበት ቦታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ዝናቡ የጎማውን ሙቀት እያጠበ ይወስደዋል። የውድድር ጎማ እንዲህ ሲቀዘቅዝ ይደነድናል። ጥርሱም ጥቂት ስለሆነ ውሃው መውጫ ያጣል።

ጎማ አስፋልት የሚይዘው ላስቲኩ በአስፋልቱ ጥቃቅን ሸካራ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነው። ከደነደነ ላዩን ብቻ ይነካና ያልፋል። ሲሊካ የሚባለው ዱቄት የተቀላቀለበት ላስቲክ ግን በብርድም በውሃም ልስላሴውን ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ የምትፈልገው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለውን፣ ለረጅም መንገድና ለዝናብም የሚሆነውን ዓይነት ነው። ለትልልቅ ሞተሮች ሚሸሊን ሮድ፣ ፒሬሊ ኤንጅል፣ ሜትዘለር ሮድቴክ የሚባሉት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በአንተ ቁጥር ደግሞ ሚሸሊን ፓይለት ስትሪት አለ፣ እሱም ለዝናብ የታሰበ የመንገድ ጎማ ነው። ትከሻው ላይ፣ ማለትም ዳርና ዳሩ ላይ፣ ጥርስ ስላነሰ አትደንግጥ። በዝናብ እስከ ጫፉ ድረስ ጋደም አትልም፣ ካልክም ጎማ አያድንህም።

ስለ ስፋቱ አጭር ሒሳብ ልስራልህ። 140/70 ማለት ስፋቱ 140 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 70 በመቶ፣ ማለትም 98 ሚሊ ሜትር ነው። ጓደኞችህ የሚሉህ 150/60 ከሆነ ቁመቱ 90 ይሆናል። የሞተርህ ጀርባ በ8 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። ኩርባ ላይ ለመታጠፍ ይለግማል። ቸርኬህ ደግሞ 4 ኢንች ከሆነ ቦታው የ140 ነው። ሰፊውን ስታለብሰው ጎኑ ይጨመቅና ቅርጹ ይሾላል። ጋደም ስትል መሬት የሚነካው ክፍል ፋብሪካው ያሰበው ሳይሆን ይቀራል። መልኩ ያምራል፣ እሱን አልክድም።

አሁን ከሁሉም በላይ የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ። የጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ፣ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! እኔን ራሴን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። አንድ ነጋዴ "የ2016 ነው፣ ገና አልከረመም" ብሎ ሸጠልኝ። ጥርሱ ሙሉ፣ ላስቲኩ ጥቁር። ቁጥሩ 1416 ይላል። እኔም በእኛ አቆጣጠር ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ገጠምኩት። ለካ በፈረንጆቹ 2016 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በእኛ 2008 መጋቢት መጨረሻ። ስምንት ዓመት የከረመ ጎማ! በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ሳሙና አንሸራተተኝ። ጎሚስታ ሆኜ ነው እንግዲህ።

ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ፀሐይና ሙቀት ያፈጥኑታል። ስለዚህ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን፣ አዲስ ቢሆንም አትግዛ። በጥፍርህ ጫን በለው፣ በጥርሱ ሥርም ስንጥቅ ፈልግ። ከአምስት ዓመት ያለፈውን እኔ በዝናብ አላምነውም።

ከመጠኑ ቀጥሎ 66 እና ኤች ካየህ፣ ጎማው 300 ኪሎ ይችላል፣ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተፈቅዶለታል ማለት ነው። የሞተርህ ፋብሪካ ካዘዘው በታች አትውረድ። በመጠኑ መሃል አር የሚል ፊደል ካለ ራዲያል የሚባለው የጎማ አሠራር ነው፣ ከሌለ ተራው ነው። ፊት አንዱን፣ ኋላ ሌላውን አታደባልቅ። ገንዘብ ካጠረህ የኋላውን ብቻ ቀይረህ ያለቀ ጎማ ፊት ላይ አትተው። የኋላው ሲሸሽ ትመልሰዋለህ፣ የፊተኛው ከሸሸ ግን ወድቀሃል።

ነፋስ መቀነሱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ግን ብዙ ልጆች ያደርጉታል። ነፋስ ሲያንስ ጎማው ይልፈሰፈስና ጥርሱ ይዘጋል፣ ውሃውንም ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል። ውሃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምረውም በዝቅተኛ ፍጥነት ነው። የሞተሩ ስቲከር ላይ ያለውን ቁጥር፣ ጠዋት ከመንዳትህ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስሞላ። "ደንገጎ ስወጣ ይቀየራል ወይ?" የሚሉኝ አሉ። ከፍታው የነፋስ መለኪያውን በአንድ ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ብርዱ ደግሞ ያንኑ ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ተጣፍተው ይቀራሉ፣ አትጨነቅ።

ሌላው፣ ጥፋቱን ሁሉ በጎማው ላይ አታሳብብ። ዳገቱን የሚወጡት መኪኖች ታንከራቸው ሙሉ ከሆነ ኩርባ ላይ ናፍታ ያፈስሳሉ። ዝናብ ሲጀምር የከረመው ዘይትና አቧራ ይነሳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ቡና ቤት ቁጭ ብለህ ብታሳልፈው አትከስርም። ናፍታ ላይ የሚይዝ ጎማ ደግሞ ማንም አልሠራም።

ስታስገጥም ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ መሆኑን ቆመህ እይ። እኛ ጎሚስታዎችም እንቸኩላለን። አዲስ ጎማ ላዩ ልሙጥ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር በደረቅ መንገድ፣ ቀስ በቀስ ጋደም እያልክ አሸው። ላቫጆ ስትገባ ደግሞ ልጆቹ ጎማውን በጥቁር ማብረቂያ እንዳይቀቡልህ አስቀድመህ ንገራቸው። ለመኪና ጎን ነው የተሠራው። የሞተር ጎማ መሬት የሚነካው ላይ ከተቀባ፣ ከላቫጆው በር ሳትርቅ ትወድቃለህ።

የምትገዛውን ስታገኝ ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት አራቱን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።