ልጆቹ ጋዜጣውን «አጠፉት»፤ ምን አደረጉት?

አንዲት መምህርት ከአዘዞ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል። «የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ከልጆቹ ጋር በአሮጌ ጋዜጣ ኮፍያ ሠራን። ለወላጆች በስልክ በላክሁት መልእክት ‹ልጆቹ አሮጌውን ጋዜጣ አጠፉት፤ ቆብም ሠሩበት› አልኩ። አንድ አባት ደወሉና ‹የጠፋውን ጋዜጣ ዋጋ ልክፈል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ቆብ የመነኩሴ ነው፤ ኮፍያ በይ› አለችኝ። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?»

መምህርት፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። አባትየውም አልተሳሳቱም። እርስዎ የጻፉት ትክክል ነው፤ እሳቸው ያነበቡትም ትክክል ነው። ጉድለቱ ያለው በአጻጻፋችን ላይ ነው። ይህ ነገር ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ ኖሯል። ስለዚህ ከጠየቁኝ አልፌ ብሄድ አይቀየሙኝ።

«አጠፉት» ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ። ጠ ጠብቆ ሲነበብ ወረቀቱን ወይም ጨርቁን እጥፍ አደረጉት ማለት ነው። ጠ ላልቶ ፉ ሲጠብቅ ግን እንዳይገኝ አደረጉት፣ አበላሹት ማለት ነው። በአፍ ማንም አይሳሳትም። የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ይለየዋል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ልዩነቱ ድራሹ ይጠፋል።

የሚገርመው፣ ሁለቱ ግሦች በሌላው ቦታ ሁሉ ተለይተው ነው የሚጻፉት። አንድ ልጅ ቢሆን «አጠፈው» እና «አጠፋው» ብለን እንለያለን። ስናዝ «እጠፉት» እና «አጥፉት» እንላለን። ወደፊት ስናወራ «ያጥፋል» እና «ያጠፋል»። አያቴ «ጋቢዬን እጠፊልኝ» ሲሉ እኅቴ ልትደብቀው የሄደችበት ቀን የለም። ችግሩ የሚመጣው ባለፈ ጊዜ ስለ ብዙ ሰዎች ስናወራ ነው፦ «አጠፉ» እና «አጠፋችሁ»። እርስዎ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ቢኖር ኖሮ ስልክዎ አይጮኽም ነበር።

ሁለቱ ቃላት ዘመድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የመጀመሪያው የግእዙ «ዐጸፈ» ነው። ማጠፍ፣ መደረብ ማለት ነው። «ዐጽፍ» ከዚሁ የወጣ ሲሆን መጎናጸፊያ፣ መደረቢያ ነው። ጸ በአማርኛ ወደ ጠ ዞረ። ጾም ጦም፣ ጸሎት ጠሎት፣ ጽዋ ጥዋ እንደተባለው ማለት ነው። ዐይኑ ዐም የጉሮሮ ድምፁን ጣለና «አጠፈ» ቀረ። ሁለተኛው የግእዙ «ጠፍአ» ነው። የእሱ ጠ ከመነሻውም ጠ ነው። በመጨረሻ የነበረው አልፋው አ ሲጠፋ ፈን ራብዕ አድርጓት ሄደ፤ «ጠፋ» ሆነ። አድራጊውን ለማውጣት ከፊቱ አ ሲጨመርበት «አጠፋ» አልን። እንግዲህ አንዱ ከራሱ፣ ሌላው ከጅራቱ የጉሮሮ ድምፁን ጣለ። በሁለት በኩል እየተሸረሸሩ መጥተው አንድ ቦታ ተገናኙ። በመካከላቸው የቀረው ብቸኛ አጥር መጥበቅና መላላት ነው። እኛ ደግሞ እሱን አንጽፈውም።

የ«አጠፈ» ቤተሰብ ሰፊ ነው። ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ባጃጅ ፒያሳ ሲደርስ ይታጠፋል። ሰው ቃሉን ያጥፋል፤ አንድ የነበረውን ቃል ሁለት ያደርገዋልና። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው የሚቆሙትን አስቡ። ያንን «አጣፋ» ከጥፋት ጋር የሚያያይዘው ማንም የለም። እኔ ከጥንቱ «ዐጽፍ» ጋር ነው የማዛምደው። ልብስ መደረብ ነውና።

እዚህ ላይ የምሟገታቸው ሰዎች አሉ። «ማጥበቂያ ምልክት አያስፈልግም፤ ዐውዱ ይፈታዋል» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «ገና»ን ነው። የልደት በዓሉን ገና እና «ገና አልመጣም» የሚለውን ገና ማን ያምታታል ይላሉ። ልክ ነው፣ እነዚያን የሚያምታታ የለም። አንዱ የበዓል ስም ነው፣ ሌላው ተውሳከ ግሥ ነው፤ ቦታቸው አይገናኝም። «አጠፉት» እና «አጠፉት» ግን ሁለቱም ግሥ ናቸው። ባለቤታቸው አንድ፣ ተሳቢያቸው አንድ፣ ጊዜያቸው አንድ። ዐውዱስ ምን አለ? ዐውዱ ሕፃናትና ጋዜጣ ነው! ሕፃንና ጋዜጣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ለወላጅ መጀመሪያ የሚታየው መቀደድ ነው። አባትየውን ወደ ሌላው ንባብ የመራቸው ያው ይፈታዋል የተባለው ዐውድ ነው።

ሌላም ይላሉ። «አባቶቻችን ያለ ምልክት አንብበዋል» ይላሉ። አባቶቻችን ግን ብቻቸውን አላነበቡም። ንባብ ቤት የገባ ተማሪ መምህሩ ፊት ተቀምጦ ነው የሚማረው። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የተባሉትን የግእዝ አነባበቦች፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ጎንደር በኣታ ዐቋቋም የተባለውን የዜማና የሽብሸባ ትምህርት ሊያስመሰክር የሚመጣም ሰው ቃሉን በጆሮው ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ምልክቱ ወረቀት ላይ አልነበረም እንጂ ነበር፤ መምህሩ ነበሩ። ዛሬ በስልክ መልእክት የሚላክለት ወላጅ አጠገብ ግን መምህር የለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ገብቷቸው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ሲያሳትሙ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። የድሮውን እትም ያየ ሰው ያስታውሳታል። ያን የሚያህል ረጅም ልብ ወለድ ከነነጥቡ ታትሞ ሕዝብ አንብቦታል፤ ነጥቧ የከበደችው አንባቢ አላየሁም። የማጥበቂያ ምልክት ዛሬ በዩኒኮድ፣ በኮምፒውተር የፊደላት መለያ፣ ውስጥም ቦታ አለው። ታዲያ ለምን አልተለመደም? የጋዜጣ ቤቶች አልተቀበሉትም። የስልክ መጻፊያዎችም ብዙዎቹ በቀላሉ አያወጡትም። ልቤ ባይወድም እውነቱ ይኸው ነው፤ ይህ ዓምድም ያለ ነጥብ ነው የሚወጣው። የምመኘው ግን ሁሉም ፊደል ላይ እንድትውል አይደለም። እንደ እርስዎ ዐረፍተ ነገር ሁለት መንገድ በሚከፈትበት ቦታ ላይ ብቻ አንዲት ነጥብ ብትቀመጥ ይበቃል።

እስከዚያው መውጫ አለ፤ እሱም በእጃችን ነው። ቦዝ አንቀጹን፣ እንደ «በልተው»፣ «ሄደው» ያለውን የግሥ መልክ፣ ይጠቀሙ። የ«አጠፈ» ቦዝ «አጥፈው» ነው፤ የ«አጠፋ» ደግሞ «አጥፍተው»። የኋለኛው ት አለበት፤ የወደቀው አልፋው አ ትቶት የሄደው ምልክት ነው። ነጥብ ባይኖር ት አለ። «ልጆቹ ጋዜጣውን አጥፈው ቆብ ሠሩ» ካሉ ማንም ገንዘብ ሊከፍል አይደውልም።

አሠራሩን ለወላጆች መጻፍ ከፈለጉም ትእዛዝ አንቀጹ ይመችዎታል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። «አንድ ሙሉ ሉክ ጋዜጣ ውሰዱ። በመሐሉ ባለው መታጠፊያ ላይ ለሁለት እጠፉት። መታጠፊያው ወደ ላይ እንዲሆን አዙራችሁ አስቀምጡት። የላይኛውን ቀኝ ጥግና ግራ ጥግ ወደ መሐል አምጥታችሁ እጠፉ፤ ሁለቱ መሐል ላይ ይጋጠሙ። ከላይ ሦስት ማዕዘን ወጣ፤ ከታች ሁለት ጠርዝ ተረፈ። የፊተኛውን ጠርዝ ወደ ላይ ቀልብሱት። ገልብጡትና የኋለኛውንም ቀልብሱት። አሁን ከታች በኩል በሁለት እጃችሁ ክፈቱት።» ለትንሽ ልጅ ከሰፋ ጠርዙን ከመቀልበስ በፊት ግራና ቀኙን ትንሽ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

ጠርዙን ሳነሳ «እጠፉት» አላልኩም። «ቀልብሱት» ነው ያልኩት። ብዙ ሰው አሁን ሁሉንም «እጠፍ» ይለዋል፤ ያ ድህነት ነው። ማጠፍ ሁለት ማድረግ ነው። መቀልበስ ጫፍን ወደ መጣበት መመለስ ነው። ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚቀለብሰውም ለዚህ ነው። የባርኔጣ ጠርዝ አይታጠፍም፤ ይቀለበሳል። ልጆቹ ሁለቱን ቃል በእጃቸው እየሠሩ ቢለምዷቸው ከዚያ የተሻለ የቋንቋ ትምህርት አላውቅም።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። «ቆብ የመነኩሴ ነው» ያሉት በግማሽ እውነት ነው። «ቆብ ደፋ» ስንል መነኮሰ ማለታችን ነው፤ «ቆቡን ጣለ» ስንልም ምንኵስናውን ተወ ማለታችን ነው። ቃሉ ግን ከገዳም አልተወለደም። በግእዝ «ቆብዕ» ነው። እዚህም ዐይኑ ዐ ከጅራቱ ወደቀ፤ ልክ እንደ «ጠፍአ»። ወንድሙ በዕብራይስጥ አለ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17 የጎልያድ የራስ ቁር «ኮባዕ» ይባላል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሳኦል ለዳዊት ያደረገለት ደግሞ በቀ «ቆባዕ» ተብሏል። ዐረብኛም «ቁብዓ» ብሎ ባርኔጣን ይጠራበታል። እንግዲህ የዚህ ቃል ወገን የወታደር የናስ ቁርም ሆኖ ያውቃል። ከናስ እስከ ሱፍ ጨርቅ የተሸከመ ቃል ጋዜጣ አይከብደውም። በዚያ ላይ ሁላችንም የዐይን ቆብ አለን፤ ሳንመነኩስ።

«ኮፍያ» ከዐረብኛው «ኩፊያ» ነው። እሱ በመጀመሪያ የራስ መጠምጠሚያ ጨርቅ ነው። በስዋሂሊም «ኮፊያ» ሆኖ ቆብ ማለት ሆኗል። «ባርኔጣ» ደግሞ የዐረቦች «ቡርነይጣ» ነው፤ እነሱም ከአውሮፓ፣ ከጣሊያኖቹ «ቤሬታ» ወገን የወሰዱት ነው። «ጋዜጣ»ም ጣሊያንኛ ነው። «ጋዜታ» የቬኒስ ትንሽ ሳንቲም ነበረች። የዜና ወረቀት በእሷ ይገዛ ስለነበር ስሟ ወደ ወረቀቱ ተላለፈ። አባትየው «ዋጋ ልክፈል» ሲሉ ቃሉ ራሱ ዋጋ እንደነበር ሳስብ ደነቀኝ። ጋዜጣና ባርኔጣ፣ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው መጥተው እዚህ በአንድ ጣ ቤት መቱ። «የጋዜጣ ባርኔጣ» ብሎ ልጆች ቢያዜሙት እንዴት ያምራል!

በማስረጃ ብቻ ከሄድን ባርኔጣ ሊያሸንፍ ይገባዋል። ባርኔጣ ዙሪያውን ጠርዝ ያለው ነው፤ ቆብ ራስ ላይ ልክክ የሚል ነው። የእርስዎ ልጆች የሠሩት ጠርዝ አለው። ይህን አልክድም። እኔ ግን ቆብን እመርጣለሁ። ልጅ ሳለሁ ፒያሳ አካባቢ ግድግዳ የሚቀቡ ሰዎች ከጋዜጣ የሠሩትን ደፍተው አይ ነበር። ኖራው ፀጉራቸው ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። አንዱ መሰላል ላይ ሆኖ «ያንን ቆቤን አቀብለኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ያ ነገር ሌላ ስም የለውም።

የዛሬ ልጆች ግን ኮፍያ ነው የሚሉት። ጎንደርም ይሁን አዲስ አበባ፣ ጠርዝ ኖረው አልኖረው፣ ራስ ላይ የሚደረግ ሁሉ ኮፍያ ሆኗል። ባልደረባዎ የሰሙትን ነው የነገሩዎት። ልጆቹ ኮፍያ ካሉ አያርሟቸው። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ቢከብደኝም አጠቃቀሙ ወደዚያ ሄዷል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ «ኮፍያ ለበሰ» አያስብሏቸው። ልብስ ይለበሳል፤ ኮፍያ ይደረጋል፤ ቆብ ይደፋል።

ለወላጆቹ ሁለተኛ መልእክት ይላኩ። «ልጆቹ አሮጌውን ጋዜጣ አጥፈው ቆብ ሠሩበት። የሚከፈል ነገር የለም፤ ሌላ አሮጌ ጋዜጣ ካላችሁ ግን ላኩልን።»