ለአራስ ልጅ ምን ምን ይገዛ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ገባና የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ አራስ ልጅ ሆነ። ምን ልግዛ፣ ስንት ልግዛ፣ እንዴት ላድርቀው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ፤ ደብዳቤዬን አሳጠርሽብኝ የምትሉ ቅር አይበላችሁ።

እዚሁ ጅማ ቆጪ ሰፈር ያለች የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ጓደኛዋ ከቴሌግራም ያገኘችላትን የዕቃ ዝርዝር ላከችልኝ። ሁለት ገጽ ነው። የጡጦ ማሞቂያ አለበት፣ የዋይፕስ ማሞቂያ እንኳ አለበት። «ይሄን ሁሉ ካልገዛሁ ልጄን እበድላለሁ?» ትላለች።

ኧረ በጭራሽ። መጀመሪያ «ማሞቂያ» የሚለውን ሁሉ ሰርዢው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ከፊት የሚከፈት የጥጥ ቱታ ስድስት ሰባት፣ ሁለት ኮፍያ፣ ጥቂት ካልሲ፣ ሁለት ስስ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ፎጣና አንድ ሳፋ ይበቃሻል። በጨርቅ የምታሳድጊ ከሆነ ሃያ የሚሆን ሽንት ጨርቅ ጨምሪ፤ በዳይፐር ከሆነ እሱም ቀረ። በጣም ትንንሹን ልብስ አታብዢ፣ ሳትጠግቢው ይጠበዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ቴርሞሜትርን ነው። አንድ ቱታ ቀንሰሽ እሱን ግዢ። ብብቱ ሥር 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ያሳየ ጨቅላ በቀጥታ ወደ ሕክምና ይወሰዳል፤ ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዝቶ መሞከር የለም።

አጂፕ አካባቢ የሚኖር አባት፣ ጋሪ ልግዛ ወይ ይላል። ቤትህ አስፋልት ዳር ከሆነና ብር ከተረፈህ ግዛ። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ግን አንቀልባ።

ስሟን ያልጻፈች እናት ዝናቡ አላባራ ብሎ ሽንት ጨርቁ አልደርቅ አላት። ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥላ፣ በርና መስኮት ዘግታ፣ ጨርቁን ዙሪያውን ታሰጣለች። ልጁም ይሞቀዋል። «ግን ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፤ ብርድ መትቶኝ ይሆን?»

ይቺን ደብዳቤ ደግሜ ነው ያነበብኳት። እህቴ፣ ብርዱን ተይውና መጀመሪያ ከሰሉን ጠርጥሪ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል» የሚለው ነገር አያድንም፣ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጂንን ቦታ ይይዛል፤ ሰው በተኛበት ሳይነቃ የሚቀረውም በዚህ ነው። ጨቅላ ደግሞ ከእኛ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ፈጥኖ ይጎዳል፣ ራሴን አመመኝ ብሎም አይነግርሽ። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰሉ ውጭ ይደር። አንዳችሁ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ካዞራችሁ፣ ወይም ልጁ ከፈዘዘ፣ ሁላችሁም ከቤት ወጥታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሲነጋ እናያለን አይባልም።

ልጁ እንዲሞቀው ከሆነ፣ ከሽንት ጨርቁና ከኮፍያው በቀር ልብሱን አውልቂለትና ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ጋቢ ደርቡበት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ትንንሾች ሆስፒታል የሚያሞቃቸው እንዲህ ነው። አባትየውም ደረት አለው፣ ያግዝ።

ወደ ጨርቁ ልመለስ። ጅማ ላይ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ከጠበቅሽ ልጁ ራቁቱን ሊከርም ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የጨርቁ ውፍረት ነው። ወፍራሙ ፎጣ መሳይ ነገር ሁለት ቀን ተሰቅሎም እርጥብ ነው። አሮጌ ነጠላ ወይም ስስ የጥጥ ጨርቅ ቆራርጠሽ፣ ስታስሪለት ደራርበሽ እጠፊው፤ ስትሰቅዪው ተዘርግቶ ቶሎ ይደርቃል። ካጠብሽ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ርገጪው፣ ውሃውን ይመጥልሻል። በረንዳ ላይ አራርቀሽ ስቀዪ። መብራት ሲመጣ የቀረችውን እርጥበት በካውያ ጨርሻት። በረኪና ከተጠቀምሽ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቂው፣ አለዚያ መቀመጫው ይቀላል። ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልደረሰልሽ ለሌሊትና ለዶፉ ሳምንት ዳይፐር ግዢ፤ በጨርቅ ብቻ አሳደግሁ ብለሽ የምትሸለሚው ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ለጨርቅ ልመስክርለት፦ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያረጥብ ልጅ ወተት እያገኘ ነው፣ ይሄንን ደግሞ ጨርቅ ላይ መቁጠር ይቀላል።

የቡናው ከሰልም እንደዚያው ያሰጋል። የቡና አገር ሰዎች ነን፣ አራስ ጠያቂ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም። ይፈላ፤ ግን ቆላውም ከሰሉም ልጁ ከተኛበት ክፍል ውጭ ይሁን።

አንዲት አያት ከምራታቸው ተጣልተዋል። እትብቱን ቅቤ ልቀባው ብላት፣ ውሃ በስኳር ላቅምሰው ብላት፣ እምቢ አለችኝ፤ እኔ ስድስት ያሳደግሁ ሴት ነኝ ይላሉ።

እናቴ፣ ስድስቱን ያኑርልዎት፤ ምራትዎ ግን ልክ ነች። እትብት የሚፈልገው ንጽሕናና ድርቀት ነው። ቅቤ፣ አመድ፣ ቅጠል ሲነካው ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ሊገባበት ይችላል። ጤና ጣቢያ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ቅባት ከሰጣችሁ እንደታዘዘው እትብቱን ብቻ ቀቡት። የዓይን መድኃኒት መስሎት ዓይን ውስጥ የሚጨምር አለ፣ ዓይን ያጠፋል። ውሃም እስከ 6 ወር አያስፈልገውም፣ ጡት ብቻ። እንገሩም እንዳይጣል። ቅቤውን አደራ፣ ለምራትዎ ገንፎ ያድርጉላት። ያስታርቃችኋል።

«ለማንኛውም ብዬ የዱቄት ወተትና ጡጦ ልግዛ?» አትግዛ። ቤት ካለ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ልጁ ጡት ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል። ባለቤትህ አይበቃውም ብላ ከፈራች አዋላጅ ነርስ ሲጠባ ትየው፤ ብዙ ጊዜ አያያዙ ነው።

ቦንዳ ይለበሳል ወይ? ይለበሳል። በሙቅ ውሃ እጠቢ፣ ተኩሺ፣ የላላ ቁልፍና የአንገት ክር ካለው አውጪለት።

የአምስት ቀን ልጇ ዓይኑ ቢጫ የሆነባት እናት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሞቀዋለሁ፣ ይበቃል ወይ ብላለች።

አይበቃም። መልሱን ወዲያው ልኬላታለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። ቀለል ያለ ቢጫነት ብዙ ሕፃናት ላይ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን መጥቶ ይጠፋል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ ወይም ልጁ መጥባት ትቶ እንቅልፍ ካበዛ ግን አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይለካም፣ በምርመራ ነው። ሆስፒታል ያለውን ሰማያዊ መብራት የጠዋት ፀሐይ አይተካውም። ጎረቤት ሳታማክሩ፣ ለእኔም ሳትጽፉ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይም በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውሰዱት።

የሕፃን አልጋ ላይ ባልና ሚስት አልተስማሙም። ሚስት ትግዛ ባይ ናት፣ ባል ብር ማባከን ነው ይላል። አልጋው ግዴታ አይደለም። ግዴታው ልጁ በጀርባው መተኛቱ፣ ፍራሹ ጠንከር ያለ መሆኑና አጠገቡ ትራስም አሻንጉሊትም አለመኖሩ ነው። የጅማ አናጢ እንደሆነ አልጋ መሥራት አያቅተውም፤ ካሠራችሁ ቀለሙ በደንብ ይድረቅ፣ የርብራቡ ክፍተትም ገላውንም ጭንቅላቱንም አያሳልፍ።

ፓውደር? አይ። ሲተነፍስ ሳንባው ይገባል።

አራስ ልጠይቅ ነው፣ ምን ይዤ ልሂድ? በቃ ቱታ አትውሰዱ፣ ሁሉም ቱታ ነው የሚያመጣው። ከሐሙስ ገበያ እንቁላልና አጃ፣ ወይም የልብስ ሳሙና። ከቻልሽ ደግሞ እጅጌሽን ሰብስበሽ አንድ ሳፋ ሽንት ጨርቅ እጠቢላትና ሂጂ። የግል መሥሪያ ቤት ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ማን እንደሚይዘው ማንም አይጠይቃትም። ጉንፋን ካለብሽ ግን ስልክ ደውዪና ሌላ ጊዜ ሂጂ።

የእጅ ጓንት ይደረግለት ወይ? ጥፍሩን ቁረጪለት። ሲተኛ ይቀላል።