ምንም ሳይጨመርበት ቀይ ወይን መጥመቅ ለምትፈልጉ ልጆች

ውድ ልጆች፣

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነዋል። «ጋሼ፣ ትንሽ ቀይ ወይን በራሴ መጥመቅ እፈልጋለሁ። ኬሚካል የሌለበት፣ የተገዛ እርሾ ያልገባበት፣ ያልተጣራ። ከየት ልጀምር?» ጥያቄው ደስ ይለኛል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ፈረንሳይ አገር ወይን መጥመቂያ ቤቶች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ወይን በደንብ ሲሠራ ከሁሉም አስበልጬ የምጠጣው እሱን ነው። የሚያሳስበኝ ግን አለ። ብዙዎቻችሁ «ምንም አይጨመርበትም» ሲባል «ብዙ ማወቅ አያስፈልግም» ማለት ይመስላችኋል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የምትጨምሩት ባነሰ ቁጥር ማወቅ ያለባችሁ ይበዛል።

ይህን አሠራር እንደገና ያስነሱትን ሰዎች ተመልከቱ። ከሊዮን ከተማ በስተሰሜን ቦዦሌ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። ጋሜ የሚባለው ቀይ ወይን የሚበቅለው እዚያ ነው። ዡል ሾቬ (እ.ኤ.አ. 1907–1989) የዚያ አገር ሰው ነበር። የወይን ነጋዴም፣ ኬሚስትም ነበር። ዛሬ ብዙዎች የተፈጥሮ ወይን አባት ይሉታል። ሰውየው ግን ዕድሜውን የፈጀው ስለ እርሾና ስለ ባክቴሪያ ሲመራመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማርሴል ላፒየር የሚባል፣ እዚያው ቦዦሌ ውስጥ ያለችው የሞርጎን ወይን ጠማቂ ከእሱ ተማረ። ሌሎቹ ጠማቂዎች ዣን ፍዋያር፣ ጊ ብረቶንና ዣን ፖል ቴቭኔም በዚያው መንገድ ሄዱ። ሾቬ ወይን እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ሰልፋይት መተው የቻለው የሰልፋይትን ሥራ ምን እንደሚተካው ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ጤነኛ ፍሬ፣ ቅዝቃዜ፣ ንጽሕና፣ ጠንካራ የአገሬው እርሾ። እነዚህ ሲሟሉ ነው እጅን መሰብሰብ የሚቻለው።

አሠራራቸውን ጠጋ ብለን እንየው። ዘለላው በእጅ ይቆረጣል። ሳይፈጭ፣ ከነዘንጉ ታንክ ውስጥ ይገባል። ታንኩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል። ኦክስጅን ያጣው ፍሬ ያለ እርሾ እገዛ በራሱ ልጣጭ ውስጥ ጥቂት ስኳር ወደ አልኮል ይለውጣል። 2 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ፍሬው ራሱ ይሞታል። ፍሬውን የሚያጎመዝዘው ማሊክ አሲድም ይቀንሳል። ያ የቦዦሌ ለስላሳነት፣ ያ የእንጆሪ መዓዛ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አደጋው ያለው ታች ነው። ላይ ያለው ፍሬ በክብደቱ የታችኛውን ይጨፈልቀዋል። ጭማቂው ታንኩ ወለል ላይ ይጠራቀምና በእርሾ መፍላት ይጀምራል። ከላይ ደግሞ ስኳሩን የያዘ ፍሬ ገና አለ። እርሾው ከደከመ ወይም ሙቀቱ ከናረ ባክቴሪያው ቀድሞ ይገባል። ባክቴሪያ ማሊክ አሲድ ቢበላ ችግር የለውም፤ እንዲያውም እንፈልገዋለን። ስኳር መብላት ከጀመረ ግን የሚሰጣችሁ አሴቲክ አሲድ ነው፤ አቸቶ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠማቂ በየቀኑ ከታችኛው ቧንቧ በብርጭቆ ይቀዳል። ያሸታል፣ ይቀምሳል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ድፍርሱን በማይክሮስኮፕ ያያል። ሃይድሮሜትር ነክሮ ጥግግቱን፣ ማለትም አንድ ሊትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ይጽፋል። 1090 አካባቢ የጀመረ ጭማቂ ስኳሩን ሲጨርስ ከ1000 በታች ይወርዳል። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከቀረ ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጥግግቱን በየቀኑ የማይጽፍ ልጅ ወይን ሊጠምቅ ነው ቢሉኝ አላምንም።

ፍሬ መልቀም ላይ ጨካኝ ሁኑ። የሻገተውን፣ ተርብ የወጋውን፣ የአቸቶ ሽታ ያለውን ዘለላ ሳትሳሱ ጣሉ። ሰልፋይት የሚጨምር ጠማቂ አንዳንድ ነገር ሊያልፍ ይችላል። እናንተ አትችሉም። ንጽሕናንም ከሩቅ አትፈልጉት። እናቶቻችን ጠላና ጠጅ ሲጥሉ ጋኑን በግራዋ ያሻሉ፣ በወይራ ያጥናሉ። ድፍድፉን ማንም ሳያይ የሚያፈላው ከአየሩና ከጌሾው የመጣ እርሾ ነው፤ ጋኑ ቆሻሻ ከሆነ ግን ማን ቀድሞ እንደሚገባበት ያውቁታል። ታንካችሁን፣ ቱቧችሁን፣ ባልዲያችሁን በዚያው ጥንቃቄ ያዙ።

ከአጨዳው ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ አንድ ሁለት ባልዲ ጥሩ ፍሬ ለቅማችሁ ለብቻው ጠንስሱ። ቅመሱት። ሽታው ንጹሕ ከሆነና በደንብ ከፈላ ለዋናው ጥንስስ ይሆናችኋል። ካልሆነ የጠፋው ሁለት ባልዲ ብቻ ነው። ይህን አንድ ዘዴ ብቻ ብትይዙ ከብዙ ጉድ ትድናላችሁ።

«ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው» የምትሉም አላችሁ። አይደለም። 20 ሊትር ወይን ከ2000 ሊትር ይልቅ ለአየር ይጋለጣል። ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ከሆነ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ይተኛል። ፍላቱ ካለቀ በኋላ ዕቃው እስከ አፉ መሞላት አለበት። 225 ሊትር የሚይዝ በርሜል እንኳ በትነት ስለሚጎድል በየጊዜው ይሞላል። የጎደለ ዕቃ የአቸቶ ባክቴሪያ ቤት ነው።

ስለ ሰልፋይት በቁም ነገር ላውራችሁ። ኢንተርኔት ላይ እንደ መርዝ ሲወራበት አያለሁ። አውሮፓ ውስጥ ስኳር ለሌለው ቀይ ወይን የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 150 ሚሊ ግራም ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 እውቅና የሰጠችው የተፈጥሮ ወይን ስያሜ ደግሞ ከ30 እንዳያልፍ ያዛል፤ ምንም ላልጨመረ የተለየ ምልክት አለው። እርሾ ራሱም ሲያፈላ ጥቂት ሰልፋይት ይሠራል። ላፒየር ራሱ ጥቂት የተጨመረበትንም ምንም ያልተጨመረበትንም ያሽግ ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ ረጅም መንገድ ለሚሄደው ወይን ያ ጥቂት ጠብታ ዋስትናው ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ወይኑ አደጋ ላይ መሆኑን እያያችሁ ለመርህ ብላችሁ አታበላሹት። ዓመት ሙሉ የለፋበት ገበሬ አለ።

አገር ቤት ላላችሁ የምጨምረው አለ። ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምንለው ከተማ አጠገብ፣ ሲራ፣ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን እንደሚበቅሉ ታውቃላችሁ። ወይኑ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። እዚያ ተክሉ እንደ አውሮፓው ክረምት መጥቶበት አይተኛም። አጨዳው የሚወሰነው ገበሬው በሚገርዝበት ጊዜ ነው። ፀሐዩም ብርቱ ነው። ፍሬው ሲጣፍጥ አሲዱ ይወርዳል፣ ፒኤቹ (አሲድ ሲቀንስ ከፍ የሚለው መለኪያ) ይወጣል። ፒኤች ከ3.4 ወደ 3.8 ሲወጣ ያው መጠን ሰልፋይት ጉልበቱ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ይመቸዋል። ስለዚህ ከሞቃት ቦታ በመጣ ፍሬ ምንም ሳትጨምሩ ለመጥመቅ ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ እጨዱ፣ በንጋት እጨዱ፣ ፒኤች መለኪያ ግዙ። ከማንኛውም ጌጠኛ ዕቃ በፊት እሱን ግዙ።

ጉድለትን መለየትም መማር አለባችሁ። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሸተው» እየተባለ የተበላሸ ወይን ሲሸጥ ያንገበግበኛል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ወይን ተበላሽቷል። የበረት ሽታም በአብዛኛው የብሬታኖማይሲስ እርሾ ሥራ ነው። ከሁሉም አስቸጋሪው ፈረንሳዮች የአይጥ ጣዕም የሚሉት ነው። በአፍንጫ አይታወቅም። ወይኑ አሲድ ስለሆነ ሽታው ተይዞ ይቆያል፤ ከዋጣችሁ በኋላ ምራቃችሁ አሲዱን ሲያበርደው ነው ብቅ የሚለው። ለማረጋገጥ ጥቂት ጠብታ እጃችሁ ላይ አሹና አሽትቱት። ጠርሙስ ከፍታችሁም ቶሎ አትፍረዱ፤ ግማሹን ለነገ አቆዩትና በማግስቱ ደግማችሁ ቅመሱ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ። ወይን ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል። ምድር ቤት ውስጥ ወይም ታንክ ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል። በየአገሩ በአጨዳ ወቅት ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። በርና መስኮት ክፈቱ፤ ብቻችሁን አትግቡ፤ ታንክ ውስጥ አንገታችሁን አታስገቡ።

አውሮፓ ያላችሁ የመጀመሪያውን ዓመት ለራሳችሁ አትጥመቁ። ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ቦዦሌ ለቃሚ ይፈልጋል፤ ዘለላው ሳይፈጭ መግባት ስላለበት አብዛኛው የሚለቀመው በእጅ ነው። ወገብ ይቆርጣል። ግን ማታ ማታ ጠማቂው ከታችኛው ቧንቧ ሲቀዳ አጠገቡ ቁሙ፣ ብርጭቆውን ሲያቀብላችሁ ቅመሱ፣ ያገኛችሁትን ንገሩት። ደብተር ያዙ። ጥግግቱን፣ ሙቀቱን፣ ሽታውን በየዕለቱ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጻፉልኝ፤ ደብተሩን አብረን እናየዋለን።