ያበራ ድንጋይ ሁሉ ዩራኒየም ነው? (ጥያቄና መልስ)

«ከደላንታ የመጣልኝን ኦፓል ሱቄ ባለው የሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ሳየው አረንጓዴ አበራ። ዩራኒየም ይሆን? ፈራሁ።» (ከደሴ፣ ፒያሳ)

አይፍሩ። ማብራትና ጨረር ማመንጨት ለየቅል ናቸው። ድንጋዩ ለዓይን የማይታየውን የመብራቱን ብርሃን (አልትራቫዮሌት) ወስዶ በሚታይ ቀለም መልሶ እየለቀቀ ነው። ካልሳይትም (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ያለ ምንም ዩራኒየም ያበራል። እርግጥ አንዳንድ ኦፓል አረንጓዴ የሚያበራው በውስጡ ባለ ኢምንት ዩራኒየም ነው። ዋናው የዩራኒየም ማዕድን ዩራኒናይት ግን ጥቁር ነው፣ ጭራሽ አያበራም! ስለዚህ የብር መብራት ጨረር አይለካም፤ የሚለካው ጋይገር ቆጣሪ ነው።

«ዩራኒየም ከካርቦኔት ጋር ሆኖ ማዕድን ይሠራል?» (መምህር፣ ኮምቦልቻ)

ይሠራል፣ እኔም የምወደው ይሄንን ነው። ዩራኒናይት አየርና ካርቦኔት (የካርቦንና የኦክስጅን ውሕድ) ያለበት ውሃ ሲያገኘው ይበሰብስና ቢጫ፣ አረንጓዴ ቅርፊት ያወጣል። አንዱ ራዘርፎርዲን ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ከምሥራቅ አፍሪካዋ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ነው። ስሙ ለፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ራዘርፎርድ መታሰቢያ ነው። ከ1 ኪሎ ንጹሕ ራዘርፎርዲን 720 ግራም ያህሉ ዩራኒየም ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ካልሲየምና ውሃ ሲጨመሩበት ሊቢጋይት ይሆናል፤ ይህኛው በ1848 እ.ኤ.አ. ከቱርክ፣ ከኤዲርኔ አካባቢ ነው የተገለጸው። ሶዲየም ሲገባበት ደግሞ አንደርሰናይት ይባላል፤ መጀመሪያ የተገኘው አሪዞና ማዕድን ማውጫ ውስጥ ነው። ሁለቱም በአልትራቫዮሌት መብራት አረንጓዴ ቦግ ይላሉ። አንደርሰናይት ውሃ ያሟሟዋል። አቧራውን ላጥበው ያለ ሰብሳቢ ድንጋዩንም አብሮ ያጣል።

«ጦሳ ላይ ብንፈልግ እናገኝ ይሆን?» (ተማሪ፣ ደሴ)

ድካም ነው። የእኛ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ) ናቸው፤ ባዛልት ዩራኒየም የለውም ማለት ይቻላል። ቢኖር እንኳ የደሴ ክረምት አንደርሰናይትን አያስተርፍም።

«ልጄ ድንጋይ ይሰበስባል። እንዲህ ዓይነቱን ቢነካ ይጎዳዋል?» (እናት፣ ኮምቦልቻ)

ለአፍታ መንካቱ ብዙም አያስጋም፤ የዩራኒየም አልፋ ጨረር ቆዳን አያልፍም። ክፉው አቧራው ነው። ወደ ሳንባ ከገባ ጨረሩ ከውስጥ ይጎዳል፤ ከተዋጠ ኩላሊትን ይመርዛል። እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ድንጋዩን አይስበር፣ አይላስ (ልጆች ይልሳሉ!)። ደግሞ ራዶን የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ሳጥኑ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን እንጂ አልጋ ሥር አይግባ።