ኩላሊት ለታመመ ሰው ስፖርት፦ ጥያቄና መልስ

ከሕመምተኞችም ከአስታማሚዎችም ለመጡት ጥያቄዎች መልስ እነሆ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ «ኩላሊቱን የታመመ ሰው ይተኛ፣ ይረፍ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ጎድቷል። ሕመሙ ራሱ ጡንቻ ያሳሳል፤ መተኛት ሲጨመርበት ከወንበር መነሳት እንኳ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ ክሪያቲኒኔ 2.1 ነው። ስፖርት ብሠራ አይጨምርብኝም?

በልክ የሚሠራ ስፖርት ኩላሊት አይጎዳም። ግን ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ስለሆነ በምርመራው ዋዜማ ከባድ ስፖርት ከሠሩ ወይም ሥጋ በብዛት ከበሉ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። በሽንት የሚወጣው ፕሮቲንም ከከባድ ስፖርት በኋላ ለጊዜው ይጨምራል። ስለዚህ ደምና ሽንት ከመስጠትዎ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ከባዱን ይተዉ፤ የእግር ጉዞውን ግን ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ምን ያህል? በምን ፍጥነት?

ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ በ2024 እ.ኤ.አ. እትሙ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ልብና አቅም የፈቀዱትን ያህል ይላል። ከዚያ ግን አይጀመርም። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 10 ደቂቃ ሜዳ መንገድ ላይ ይራመዱ፤ በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጨምሩ፤ 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን ሲደርሱ ይበቃል። ለፍጥነቱ መለኪያው ንግግር ነው፦ እየተራመዱ ማውራት መቻል አለብዎት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎት ይሁን። የልብ ምት መቁጠር እዚህ አይታመንም፤ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል የተባሉትን የልብና የግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደክሞት እያለ እንኳ ምቱ ዝቅተኛ ይሆናል። አዲስ አበባ ከሆኑ ዳገቱን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያቆዩት፤ ደም ማነስ ላለበት ሰው ዳገት ወዲያው ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ በሳምንት 2 ጊዜ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ታደርጋለች። ቤት ውስጥ ምን ትሥራ? በየትኛው ቀን?

ከሁሉ በፊት ከወንበር መነሳትና መቀመጥን ይልመዱ። የማይንሸራተት፣ ጀርባው ግድግዳ የነካ ወንበር ይዘጋጅ። ወደ ፊት ጠጋ ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸውን በትከሻ ስፋት ያራርቁ፣ ተረከዛቸውን ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ከወገባቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይነሱ። ሲነሱ ትንፋሽ ያውጡ። ትንፋሽ ይዞ መነሳት የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያንራል፤ ሲቀመጡ ዝርፍጥ ማለት ደግሞ ግማሹን ጥቅም ያስቀራል፣ እስከ 3 እየቆጠሩ ይውረዱ። መነሳት ካቃታቸው ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይደረግ፤ ከፍ ሲል ይቀላል። 5 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ እንደገና 5 ጊዜ። በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለሉ። ያለ ችግር 10 ሲደርሱ ሦስተኛ ዙር ይጨመር።

ምርጡ ቀን የእጥበት ማግስት ነው። ከማሽን እንደወረዱ ግፊት ስለሚወርድ መውደቅ ይመጣል። በሳምንት 2 ጊዜ የሚታጠብ ሰው ደግሞ ረጅም ክፍተት ስላለው ቀጣዩ እጥበት ሲቃረብ ውሃና ፖታሲየም ተጠራቅመው ይቆያሉ፤ ያን ቀን ቀለል ያለ እርምጃ ይበቃል። እጥበት ከቀረ ስፖርትም ይቅር፤ ከፍ ያለ ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል።

ትንሽ መስሎ እንዳይታያችሁ። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የጣሊያን ጥናት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች እጥበት በሌለባቸው ቀናት 10 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ቤታቸው ተራመዱ። ከ6 ወር በኋላ በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ ከ328 ሜትር ወደ 367 ሜትር አድጓል።

ጥያቄ፦ ማሽን ላይ ሆኜ መሥራት እችላለሁ?

ይችላሉ፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት። ከዚያ በኋላ ብዙ ውሃ ስለወጣ ግፊት ይወርዳል፣ ቁርጠት ይመጣል። ፔዳል ባይኖር እግርን እያነሱ ማውረድና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ይቻላል። መርፌ ያለበት ክንድ አይነቃነቅ። ካቴተሩ (ለእጥበት የሚገባው ቱቦ) በብሽሽት በኩል የገባ ሰው ግን አይሞክረው። ነርሷ ሳታውቅ አይጀመር።

ጥያቄ፦ ክንዴ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበት እንዲያገለግል ሁለት ደም ሥሮችን ማገናኘት) ከተሠራልኝ 3 ሳምንት ሆነኝ። ኳስ መጭመቁ ይጠቅማል?

ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል ካለ ይጠቅማል፤ ደም ሥሩ እንዲሰፋ ያግዛል። ለስላሳ ኳስ ጨምቀው 3 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። በዚያ ክንድ ከባድ ዘንቢል አይንጠልጠል፣ ግፊትም አይለካ። ፊስቱላው ላይ የሚሰማውን ንዝረት በየቀኑ በጣት ይዳስሱ፤ ከጠፋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው፣ የኩላሊት ሕመሜ ደረጃ 3 ላይ ነው። ጂም እሠራለሁ፤ ፕሮቲን ዱቄትና ክሪያቲን የተባለውን የጡንቻ ማጎልበቻ እወስዳለሁ።

ወንድሜ፣ ጂሙን ቀጥል፣ ክሪያቲኑን አቁም። ቢያንስ የክሪያቲኒን ምርመራህን ያሳስትብሃል። እጥበት ላልጀመረ ሰው የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ ከሆንክ 48 ግራም ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ዱቄት ብቻውን ከ20 ግራም በላይ ስለሚይዝ ከምሳና ከእራት ጋር ሲደመር ያልፋል። 12 እስከ 15 ጊዜ የምታነሳውን ክብደት ምረጥ። ሲያምህ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አትንካ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ጡንቻህ ክፉኛ አሞህ ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻ እየፈረሰ ሊሆን ይችላልና አትደር፣ ሂድ።

ጥያቄ፦ ኢንሱሊን እወጋለሁ፣ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እቆያለሁ። ጠዋት ልራመድ?

በባዶ ሆድ አይራመዱ። የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊንን ቶሎ ስለማያስወግድ ስኳር ሳይታሰብ ይወርዳል። እርምጃውን ከበሉ ከ1 ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ ጾሙንም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ፤ ከ90 በታች ከሆነ ይብሉ። ኪስዎ ውስጥ ስኳር ይኑር፦ ሲያንቀጠቅጥዎ 3 የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ። ፖታሲየም የተከለከለ ሰው ለዚህ የብርቱካን ጭማቂ አይጠቀም።

ጥያቄ፦ መቼ ላቁም?

ደረት ሲጨመድድ፣ ልብ ሲዛባ፣ ሲያዞር፣ ትንፋሽ ቁጭ ብለውም አልመለስ ሲል ወዲያው ይቁም፤ ወደ ሕክምናም ይኬድ። ግፊት ከ180 በ110 በላይ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለ፣ እግር ከወትሮው ይበልጥ ካበጠ ያን ቀን አይጀመር። እጥበት ላይ ያሉ ደግሞ ላብ ወጣኝ ብለው ከተፈቀደው በላይ ውሃ አይጠጡ፤ ጠዋት ይመዘኑ፣ በአንድ ቀን የጨመረ 1 ኪሎ 1 ሊትር ያህል ውሃ ነው።