«ዌቭ» የሚለውን ሳትጫኚ ይህን አንብቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አሁን ከሥራ ስመለስ ነው ያየሁት። «ጊቭ አፕ፣ ሪፊዩዝ፣ ሪጀክት፣ ዲናይ፣ ዌቭ፣ ሁሉም መተው ወይም እምቢ ማለት ከሆኑ ልዩነታቸው ምንድነው? የሥራ ፎርም እየሞላሁ ግራ ገባኝ» ብለሻል። ከሥር መዝገበ ቃላት የለጠፉልሽ አሉ። እኔ የተቃጠልኩት መዝገበ ቃላት አይቼ ነው።

አንቺም እንደኔ በዲቪ መጥተሽ፣ የመጀመሪያ ሥራሽ መጋዘን ሆኖ፣ ወረቀቱን ሁሉ በስልክሽ እየሞላሽ ይመስለኛል። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርሽ።

1. ከሁሉ በፊት «ዌቭ»ን እወቂያት። ቨርጂኒያ በገባሁ በሦስተኛው ወር ተቀጠርኩ። የጤና ኢንሹራንሱ ገጽ ላይ ሁለት ምርጫ ነበር፤ «ኢንሮል» (መመዝገብ) እና «ዌቭ»። ቃሏን የማውቃት ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ ለዜግነት ስታመለክት ክፍያው «ዌቭድ» ሆነላት፤ ተነሳላት፣ ሳንቲም አልከፈለችም። መዝገበ ቃላቱም «መተው» ይላል። እኔ የገባኝ ኢንሹራንሱን ያለ ክፍያ ሊሰጡኝ እንደሆነ ነው። «ዌቭ»ን ተጫንኩ። ያን ቀን እናቴ ጋ ደውዬ ኢንሹራንስ አገኘሁ ብያታለሁ።

በአራተኛው ወር ትርፍ አንጀቴ ተነሳ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ከዚያ 23 ሺህ ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ይዤ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና «ዩ ዌቭድ ኢት» አለችኝ። አልገባኝም ነበር፣ ላስተካክለው ስላት 30 ቀኑ አልፏል፣ የዓመቱ መመዝገቢያ እስኪከፈት ጠብቅ ብላ ሌላ ሰው ጠራች። እስከዚያ ድረስ ካላገባህ፣ ልጅ ካልወለድክ ወይም ከሌላ ቦታ የነበረህ ኢንሹራንስ ካልተቋረጠ በሩ ዝግ ነው። ያቺ ሴት ሁለት ደቂቃ ሰጥታ ብታስረዳኝ ምን ነበረበት? እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቃሉ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ዌቭ» ማለት የራስን መብት መተው ነው። ለአክስቴ ልጅ ገንዘብ የመቀበል መብቱን የተወው መንግሥት ነው፣ ስለዚህ ተጠቀመች። እኔ ጋ ግን መብቱ የኔ ነበር፣ የተውኩትም እኔ። ስለዚህ ይህን ቃል ባየሽ ቁጥር የሚተወው ማነው፣ የሚተወውስ ነገር የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። የቤት ኪራይ ውል ላይም ተከራይ ይህን መብቱን «ዌቭ» ያደርጋል የሚል አንቀጽ ታገኛለሽ፤ እዚያም የምትተዪው አንቺ ነሽ።

2. አንዳንድ ፎርም «ዌቭ» በማለት ፈንታ «ዲክላይን» ይላል። ያው ነው፣ አልፈልግም ማለት ነው። በጨዋ ደንብ እምቢ ማለት ነው፤ ግብዣን አመስግነሽ ስትመልሺው እንደምትይው። ይህን ባውቅ ኖሮ የአቤቱታ ደብዳቤዬ ላይ «አይ ዲድ ኖት ዲናይ ዘ ኢንሹራንስ» ብዬ አልጽፍም ነበር። «ዲናይ» ሰው ሲያደርገው መካድ ነው፣ ወይም ሌላውን መከልከል። እኔ ኢንሹራንስ ከልካይ አይደለሁማ! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው በኋላ ያሳየኝ። «ሪፊዩዝድ ቱ ሳይን» ካልሽ አልፈርምም ብለሻል። «ዲናይድ ሳይኒንግ» ካልሽ ግን አልፈረምኩም ብለሽ ክደሻል። አለቃ ፊት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

3. «ሪጀክት» እና «ዲናይ» ኢሚግሬሽን ላይ አንድ አይደሉም። «ሪጀክት» ከሆነብሽ ብዙ ጊዜ ፊርማ ረስተሻል ወይም ክፍያው ተሳስቷል ማለት ነው፤ ጉዳይሽን ሳያዩት ወረቀቱን ይመልሱልሻል፣ አስተካክለሽ ትልኪዋለሽ። «ዲናይ» ግን አይተው ከልክለውሻል ማለት ነው። ፖስታው ሲመለስ ደንግጦ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ፣ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነበር።

ብሩን እንዴት ከፈልክ ካልሽኝ፣ ለትርፍ የማይሠሩ ሆስፒታሎች የገንዘብ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ደመወዜን አሳይቼ አመለከትኩ፣ ብዙውን ቀነሱልኝ። የቀረውን በወር 150 ዶላር ሦስት ዓመት ከፈልኩ።

«ጊቭ አፕ» ብቻውን ሲመጣ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ነገር ሲከተለው ያን ነገር መተው ነው። ለዜግነት ፈተና ባጠናሁት በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 100 ጥያቄ ውስጥ፣ ዜጋ ስትሆን ከምትገባቸው ቃሎች አንዱን ተናገር ይላል። አንዱ መልስ ለሌሎች አገሮች ያለኝን ታማኝነት «ጊቭ አፕ» አደርጋለሁ ነው። መሐላው ላይ ግን ቃሉ «ሪናውንስ» ነው። ያው መተው ነው፣ ግን በአደባባይ፣ በመሐላ። እጄን አንስቼ ስለው ጉሮሮዬ ላይ ያዘኝ። የእኛም የዜግነት አዋጅ 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። «ሪናውንስ»ን ግን ትርጉሙን ጠንቅቄ አውቄ ነው ያልኩት፣ ማንም አላስተረጎመልኝም።

አሁን በመጋዘናችን አዲስ ሀበሻ ሲቀጠር የኢንሹራንሱን ገጽ ከእኔ ጋር ነው የሚሞላው። አንቺም ከመጫንሽ በፊት ገጹን ስክሪንሹት አድርጊና እዚህ ለጥፊው፣ ስምሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሸፍኚ። የተቀጠርሽበትን ቀንም ጻፊልኝ፣ ስንት ቀን እንደቀረሽ እንቆጥራለን።